ያልተጠየቀ ካሳ

አቶ መሐሪ መውደቃቸውን ለመንገደኛ ያሳወቀው የራሳቸው አህያ ነው። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ገበያተኛው ከአርብ ገበያ ከተማ በላይ ካለው የመንገዱ ጠመዝማዛ ሲደርስ፣ አህያው ሁለት ስልቻ ባቄላ እንደተሸከመ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። ቢገፉት አይሄድም፤ ቢመቱት ጆሮውን ብቻ ያነቃንቃል። ዞር ብለው ሲያዩ ባለቤቱ ከእግሩ ሥር በግንባራቸው ተደፍተዋል፤ ከራሳቸው አጠገብ ያለ አንድ ድንጋይ በደም ርሷል።

የወረዳው ፖሊስ ወንጀል መርማሪ፣ ምክትል ኢንስፔክተር ሩታ፣ ስትደርስ ሰውየውን አምቡላንስ ወስዷቸዋል። የቀሩት አህያው፣ ድንጋዩና ሕዝቡ ናቸው። ሩታ ከሦስቱ የምትፈልገው ድንጋዩን ብቻ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ከቦታው ላይ ቆሟል።

«እዚህ የረገጠ ሰው ዛሬ ገበያውን የሚውለው ጣቢያ ነው» አሉ ሳጅን መንግሥቴ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። መንግሥቴ የዚሁ አገር ሰው ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ትንሽ ቢቀራቸውም ያሉትን እንደሚያደርጉ ሁሉም ያውቃል። ሕዝቡ ሸሸት አለ።

ሩታ ተንበረከከች። የጥር ውርጭ ከሣሩ ላይ ገና አልተነሣም። ጭነቱ አልተነካም፤ የአቶ መሐሪ ኪስም አልተፈተሸም፤ ስለዚህ የሌባ ሥራ አይደለም። ከድንጋዩ አጠገብ ሁለት ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲኮች ወድቀዋል። አሸተተቻቸው። አረቄ አይደለም፤ ምንም አይሸቱም። ወደ ጎን አለቻቸው።

ከመንገዱ ጠርዝ ዝቅ ብሎ፣ ከቁልቋሉ ሥር፣ የምትፈልገውን አገኘች፦ የመኪና የፊት መብራት ስብርባሪ። ከተንበረከከችበት ሳትነሣ በእፍኟ ሁሉንም ዝቃ በላስቲክ ከረጢት ከተተችው።

«መኪና ነው» አለ ከሕዝቡ አንዱ።

«ገጭቶ ሸሽቶ ነዋ» አለ ሌላው። ሦስተኛው የመኪናውን ቀለም ሳይቀር ሊናገር አፉን ሲከፍት መንግሥቴ አዩትና መልሶ ዘጋው።

በዚህ መሃል አንድ ወጣት ቁልቁለቱን እየሮጠ መጣ። የአቶ መሐሪ ልጅ ተስፋሁን ነው። ከአውድማ እንደተነሣ ጭዱ ከፀጉሩ አልረገፈም። መጀመሪያ ድንጋዩን አየ፤ ቀጥሎ የሩታን ከረጢት።

«መኪና ነው?»

«ገና አላወቅንም።»

«ስብርባሪውን በእጅሽ ይዘሽ አላወቅንም?»

«ተስፋሁን፣ አባትህ በሕይወት አሉ። እሳቸው ዘንድ ሂድ።»

«እሄዳለሁ» አለ። አልጮኸም። «ከሞተ ግን አንቺ አትልፊ። ከተማው ውስጥ ያሉት መኪኖች የጣት ቁጥር ናቸው። ባለቤቶቻቸውንም ቤታቸውንም አውቃለሁ።»

አህያውን ጆሮው ላይ መታ መታ አደረገው፤ ማንንም አልሰማ ያለው እንስሳ ተከትሎት ሄደ።

«ሰሙት?» አለች ሩታ።

«ሰማሁት» አሉ መንግሥቴ። «እዚህ አገር እንዲህ ያለው ንግግር ዛቻ አይባልም። ቀጠሮ ነው።»

ሩታ ወደ ሆስፒታል የደወለችው ጣቢያ እንደገባች ነው። ስልኩን ያነሣው ዶክተር ምስጋናው ይባላል፤ ድምፁ የእሷ እኩያ ይመስላል፤ አነጋገሩ ግን የአረጋዊ ያህል የተረጋጋ ነው።

«ቁስሉ ግንባራቸው ላይ ነው» አላት። «ያን ያህል ጥልቅ አይደለም። እንዲያውም—»

«እግር? ዳሌ? የተሰበረ ነገር የለም?»

«ምንም። ግን አልነቁም። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ—»

መንግሥቴ በሩ ላይ ቆመው በእጃቸው ጠሯት። መኪናው ተገኝቷል።

«ሲነቁ ደውልልኝ» ብላ ዘጋችው።

መኪና ገጭቶት እግሩ ያልተነካ ሰው። ሐሳቡ መጣባት፤ ግን አብሯት ደረጃውን ለመውረድ ጊዜ አልሰጠችውም።

በከተማው የሚያድሩትን መኪኖች መንግሥቴ በእግራቸው ዞረው አይተዋቸዋል። የሁሉም መብራት አሮጌ ነው፤ የአቧራና የዕድሜ ጉም ለብሷል። የእህል ነጋዴው የረመዳን አይሱዙ ግን የቀኝ ዓይኑ ፈዞ የግራው ያበራል። በግራ በኩል ያለው የጎማ ክዳን ቆርቆሮ፣ ፓራፋንጎውም፣ እንደ አዲስ ተቀጥቅጦ ተቀብቷል።

ረመዳን አርባዎቹን የጀመረ፣ ሰው ሲያናግር እጁ ከእህል የማይርቅ ሰው ነው። አባቱም እዚሁ ቤት እህል ሲገዙ ኖረዋል። ሩታ ስትገባ ከጆንያው አንድ እፍኝ ጤፍ አንሥቶ በጣቶቹ መሃል ያፈስ ጀመር።

«መብራቱ አዲስ ነው» አለችው።

«አረጀና ቀየርኩት፣ ኢንስፔክተር።»

«የቀኙ አላረጀም?»

«የቀኙም ተራውን ይጠብቃል።»

«ማን ሠራልዎ?»

«እዚሁ አንድ ልጅ።»

«እዚህ ከተማ የመኪና ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ ባትላሜራ ሠሪ አንድ ሰው ነው። ከእርስዎ በፊት እሱን ጠይቄ ነው የመጣሁት።»

ጤፉ መፍሰሱን አቆመ። «መካነ ኢየሱስ ነው ያሠራሁት» አለ።

ሩታ የእስቴዋ ከተማ የመካነ ኢየሱስ ልጅ ናት። በደብረ ታቦር በኩል ዞሮ እስቴ ለመግባት መንገዱ ምን ያህል እንደሚያደቅ ወገቧ ያውቀዋል። «ለአንድ መብራት?»

«እዚያ ይረክሳል።»

«ነዳጁስ?»

ረመዳን እህሉን ወደ ጆንያው መለሰ። ሚስቱ ዘሀራ ከጓዳው በር ላይ ቆማ እጇን በሻሿ ሥር ደብቃለች።

«ንጋት ላይ የት ነበሩ?»

«መስጊድ። ሰው ሁሉ አይቶኛል፤ ይጠይቁ።»

«ከመስጊድ በፊትስ?»

«ቤቴ። ተኝቼ።»

«መኪናውስ?»

«እዚሁ ግቢ ውስጥ።»

«ማን አየው?»

«በሩ ዝግ ነው፤ ማን ያየዋል?»

ሩታ ወደ ግቢው በር ዞረች። ሁለት ክንፍ ያለው ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው። አንደኛው ክንፍ ፀሐይ የበላው፤ ሌላው አዲስ ቀለም የተቀባ። በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ጣቷ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ቀረ። ባለቀለም በር የከለከለ ሕግ የለም ብላ ጣቷን በመሐረብ ጠረገች።

«አቶ ረመዳን፣ ምንድን ነው የገጩት?»

ሚስቱን አየ፤ ከዚያ መሬቱን። «ወላሂ፣ ሰው አልነካሁም።»

«ሰው ነኩ አላልኩም። ምን ነኩ ነው ያልኩት።»

«ምንም።»

ሲይዙት አልተከራከረም። የገበያው ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ አየው፤ ተስፋሁን ከመሃላቸው አልነበረም፤ ወሬው ግን እሱ ካለበት ለመድረስ እግር አያስፈልገውም።

«የጣቢያው ክፍል ዛሬ ለሱ ከገዛ ቤቱ ይሻለዋል» አሉ መንግሥቴ፣ ቁልፉን እያዞሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ተስፋሁን ከአጎቶቹ ልጆች ጋር ከጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጧል። አይጮኹም፣ ድንጋይ አይወረውሩም። ጋቢያቸውን ለብሰው ይቀመጣሉ። ሩታ ጩኸቱን ትመርጥ ነበር።

«አባቱ ከተረፉ ልጁም እኛም የምንሠራው አይኖርም» አሉ መንግሥቴ በመስኮት እያዩ። «ካልተረፉ ግን ረመዳንን ብትፈቺውም ሞተ፣ ባትፈቺውም ከእስር የሚወጣበትን ቀን ይጠብቁታል። ከዚያ የረመዳን ወንድሞች አሉ። ከዚያ ደግሞ…»

«ገባኝ፣ ጋሽ መንግሥቴ።»

ሩታ ከረጢቱን በነጭ ወረቀት ላይ ገለበጠችው። ረመዳንን ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ ከመላኳ በፊት ስብርባሪውን ከአይሱዙው የድሮ መብራት ዓይነት ጋር ማስተያየት ብቻ ነበር ሐሳቧ። ተመሳሰለ። ደስ ሊላት ሲገባ እጇን አየች፤ ጣቶቿ ግራጫ ሆነዋል።

«አቧራ ነው?» አለች።

መንግሥቴ ጠጋ ብለው ነኩት። «አቧራ እንዲህ አይለሰልስም። አመድ ነው።»

«መንገድ ላይ አመድ ከየት ይመጣል?»

«ከምድጃ።»

«መኪና ምድጃ አለው?»

«የረመዳን መኪና ይጨሳል እንጂ እንጀራ ሲጋግር አላየሁም።»

ሩታ አልሳቀችም። ስብርባሪውን አንድ በአንድ በእርሳስ ጫፍ ገለጠችው። ከሥሩ ጫፉ ያረረ የሽንኩርት ልጣጭ ወጣ። ከአንዱ ስባሪ ጠርዝ ላይ ደግሞ ሰማያዊ ቀለም፣ እንደ ቅርፊት የተላጠ።

ዝቃ ያነሣችውን አሰበች። ከተንበረከከችበት አልተነሣችም ነበር። ሰው የገጨ መኪና መብራቱን መንገድ ሙሉ ይበትናል፤ ይህ ግን ከነሽንኩርቱ በአንድ እፍኝ ገብቷል። ሰማያዊ ነጥብ የቀረባትን ጣቷን አየች። በመሐረብ ብትጠርገውም ጥፍሯ ጥግ ላይ ገና አለ። የዘሀራ እጅ ለምን በሻሽ ሥር እንደነበር አሁን ገባት።

የእስር ክፍሉን ራሷ ከፈተች። ረመዳን ከግድግዳው ተደግፎ ተቀምጧል።

«የራስዎን በር ነው የገጩት» አለችው።

ቀና አለ። «ዘሀራ ነገረችዎት?»

«ቀለሙ ነገረኝ። ስብርባሪውን ግን እሷ ነች የጣለችው፣ ከቤት ጥራጊ ጋር?»

«እሷ ነች። ሰው የማያይበት ጣይው አልኳት፤ ጠመዝማዛው ድረስ ሄዳ ጣለችው። ማክሰኞ ማታ ነው፤ ደክሞኝ ነበር፤ በሩ የተከፈተ መስሎኝ ገባሁበት። በነጋታው መካነ ኢየሱስ ሄድኩ። እሷ በሩን አስጠግና ሐሙስ ማታ ቀባችው።»

«በራስዎ በር፣ በራስዎ መኪና። ማንን ነው የደበቁት?»

ረመዳን በጣም ቀስ ብሎ መለሰ። «ኢንሹራንሱን።»

ሩታ ጠበቀች። መጠበቅ አትወድም፤ ጠበቀች።

«የሚቀጥለው ወር ውሉ ይታደሳል። ካሳ ላልጠየቀ ሰው በየዓመቱ ከክፍያው ይቀንሱለታል። እኔ መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም፤ ቅናሹ ከዓመት ዓመት እያደገ እዚህ ደርሷል። አደጋ ማድረሴ ከተሰማ ሁሉም ዜሮ ነው። ፖሊስ ከጻፈውማ አለቀ።»

«ለዚህ ብለው ሰው ገጭቶ ሸሸ መባልን ይሸከማሉ?»

«ጋሽ መሐሪ ይነቃሉ፣ እሱ አይደለም ይላሉ ብዬ ነው። እኔ እፈታለሁ፤ ቅናሹ ግን ከሄደ አይመለስም።»

ሩታ ልትጮህበት ነበር። በዚያ ፈንታ ስልኳን አወጣች። ሕሊና የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ናት፤ ደብረ ታቦር ውስጥ ኢንሹራንስ ትሠራለች፤ ቅዳሜም እስከ ምሳ ሰዓት ቢሮ ናት። ሩታ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ነገሩን በአጭሩ ነገረቻት።

«ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው» አለች ሕሊና። «ቅናሹ አደጋ ላልደረሰበት የሚሰጥ ይመስለዋል። ካሳ ላልጠየቀን ነው። በሩን ገጭቶ ከኪሱ ካሠራው እኮ ምንም አልጠየቀንም።»

ረመዳን ከግድግዳው ተነሣ።

«እንዲያውም ጉዳቱ ትንሽ ከሆነ ራስህ ብታሠራው ይሻልሃል የምንለው ጊዜ አለ፤ ከእኛ ከሚያገኘው የሚያጣው ቅናሽ ሲበልጥ። ግን አደጋውን ሊነግረን ይገባል። መንገር አንድ ነገር ነው፣ ካሳ መጠየቅ ሌላ። መደበቁ ነው ጣጣ የሚያመጣው፤ ነገ ትልቅ አደጋ ቢደርስበት፣ ያኔ ለምን ደበቅኸን ብንለው ምን ይመልሳል?»

«ካሳ ቢጠይቅስ? ሁሉን ያጣል?»

«እኛ ጋ ዝቅ ይላል እንጂ ሁልጊዜ ከዜሮ አይጀምርም። ሌላው ኩባንያ ሌላ ሊሆን ይችላል። ውሉን ያንብብ በይው። ማንም አያነበውም።»

ስልኩ ሲዘጋ ረመዳን መልሶ ተቀመጠ። «ቢሯቸው ሄጄ ብነግራቸው አይነኩኝም ነበር?»

«አይነኩዎትም ነበር።»

«ያን ሁሉ ነዳጅ» አለ።

ዘሀራን ሩታ ጣቢያ ድረስ አላስጠራቻትም፤ ራሷ ሄደች። ዘሀራ ከሻሿ ሥር ያወጣችው እጅ ሰማያዊ ጥፍር ነበረው፤ ስብርባሪውን የት እንደደፋችው ስትናገርም ቁልቋሉን ሳይቀር ጠራች። ጎረቤቷም ማክሰኞ ማታ ቆርቆሮው ሲጮኽ ሰምታለች፤ «ባልና ሚስት የተጣሉ መስሎኝ ዝም አልኩ» አለች።

«መኪናው ነጻ ነው» አለች ሩታ ጣቢያው ተመልሳ።

«መኪናው ነጻ ነው» አሉ መንግሥቴም። «ታዲያ ሰውየውን ማን መታቸው? እነዚያ ከዛፉ ሥር ያሉት ይህን ነው የሚጠይቁሽ። የሽንኩርት ልጣጭ ብለሽ ልትመልሺላቸው ነው? ነጋዴው ገንዘብ ሰጥቷት ለቀቀችው ይላሉ፤ በማታው ይጨርሱታል።»

ሁለት ቀን ሙሉ ስለ መኪና ስትጠይቅ ከርማለች። ስለ አቶ መሐሪ ግን ማንንም ምንም አልጠየቀችም።

የአቶ መሐሪ ቤት ከመንገዱ በላይ፣ ከአውድማው ጎን ነው። ሚስታቸው ወይዘሮ ብርሃኔ ከጎረቤቶቻቸው መሃል ተነሥተው ሩታን እጇን ይዘው አስገቧት። የሚያለቅሱበትን ጨርሰዋል።

«ጠላት አላቸው?» አለች ሩታ።

«ማን ይጠላዋል፣ ልጄ። ድንበር ተጋፍቶ አያውቅ።»

«መጠጥ?»

«ትቶታል። ያደክመኛል ብሎ ከመስከረም ወዲህ ጠላም አልቀመሰ።»

«ከአጠገባቸው ሁለት ባዶ ሃይላንድ አግኝቻለሁ።»

«ውሃ ነው። ይጠማዋል።»

«በጥር ንጋት? ከዚህ እስከ ጠመዝማዛው ድረስ?»

ብርሃኔ የነጠላቸውን ጫፍ አጠፉ። «ሌሊት ሌሊትም ይጠማዋል። ገንቦውን አጠገቡ አኑሬለት እተኛለሁ፤ ሲነጋ ባዶ ነው።»

የሩታ ስልክ ጮኸ፤ የጣቢያው አዛዥ ናቸው፤ እስረኛውን ለምን እንዳልላከች ይጠይቃሉ። ድምፁ አልሰማ ስላላት ከቤቱ ጀርባ ወጣች። «አንድ ሰዓት ይስጡኝ» ስትል ዓይኗ ከአጥሩ ሥር አረፈ። መሬቱ አንድ ቦታ ላይ ጠቁሮ ይንቀሳቀሳል። ጎንበስ ብላ አየችው። ጉንዳን ነው፤ ማር የፈሰሰበት ይመስል ተሰብስቧል።

ብርሃኔ ከኋላዋ መጥተው ቆመዋል። «ሌሊት ራቅ ብሎ መሄድ አይችልም» አሉ፣ አፍረው። «ሽንቱ ቶሎ ቶሎ ያስነሣዋል። ጉንዳኑን በአመድ ብሸፍነውም ይመለሳል።»

ሩታ ስልኩን ሳትሰናበት ዘጋች።

«እማማ፣ ሐኪም አይቷቸዋል?»

«ካርድ አለን» አሉ ብርሃኔ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው። ወደ ቤት ገብተው ከሣጥኑ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ፣ በክር የታሠረ ነገር አወጡ። የጤና መድን ካርዳቸው ነው። «በየዓመቱ እናሳድሰዋለን። ግን አልነካነውም። አንድ ቀን አልነካነውም።»

«ለምን?»

«ንጹሕ እንዲሆን ነዋ። ላልተጠቀመበት ሰው ይቀንሱለታል፤ ቆይቶም ቆይቶ ነጻ ይሆናል። አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት ከሄድሽ ይቆሽሽና እንደገና ከመጀመሪያው ነው።»

«ማን ነው ይህን ያለው?»

«ረመዳን። ባቄላ ሊሸጥ ሄዶ ነው የሰማው። ነጋዴ ሰው ያውቃል አለኝ።»

ሩታ ካርዱን በእጇ ይዛ ቆመች። ክሩ እንኳ አልላላም።

«አውድማ ላይ አንድ ጊዜ ራሱን ስቶ ወድቋል» አሉ ብርሃኔ፣ አሁን ድምፃቸው ወርዶ። «እንሂድ አልኩት። 'እድሳቱ ይለፍ፤ የሚቀንሱትን ከቀነሱልን በኋላ እንሄዳለን' አለኝ። ለልጁ እንዳልነግር በቤተ ክርስቲያናችን በቤተ ልሔም አስማለኝ። ይወስደኛል፣ ካርዱን ያስነካል ብሎ።»

ከበሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ተስፋሁን ነው። ሩታ ወደ ቤታቸው ስትወጣ ከባሕር ዛፉ ሥር ተነሥቶ ተከትሏት ኖሯል። ከየት ጀምሮ እንደሰማ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር፤ ፊቱ ይናገራል።

ሩታ በሱ ፊት ደወለች።

«ዶክተር፣ ስኳር ነው?»

«ዓርብ ዕለት ልነግርሽ ነበር» አለ ምስጋናው። «ስልኩን ዘጋሽው።»

«አውቃለሁ። አሁን ንገረኝ።»

«እዚህ ሲደርሱ ስኳራቸው መለኪያው ከሚያነበው በላይ ነበር። ከብዙ ወራት ጀምሮ የቆየ ነው። ቁስሉ መውደቃቸው ያመጣው ነው እንጂ መውደቃቸውን ያመጣው ቁስሉ አይደለም። ማንም አልመታቸውም።»

«ይተርፋሉ?»

«ዛሬ ጠዋት ዓይናቸውን ገልጠው ውሃ ጠይቀዋል። ከትላንቱ በጣም ይሻላሉ። ለቤተሰቡ ንገሪያቸው፤ የመድን ካርድ ካላቸው ይዘው ይምጡ። ልጁ ዓርብ ዕለት መድኃኒቱን ከኪሱ ገዝቶ፣ ሕመሙን እስክነግረው ሳይጠብቅ ሄዷል።»

ተስፋሁን መቃኑን ይዞ ቁጭ አለ። ከዚያ ተነሥቶ ወጣ። ሩታ ተከተለችው፤ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ሥራዋ ነው። ቁልቁለቱን ወርዶ ባሕር ዛፉ ሥር ደረሰና የአጎቶቹን ልጆች አንድ በአንድ አያቸው።

«ተነሡ» አላቸው። «አውድማው ይጠብቃችኋል።»

«ምን አገኘህ?» አለው አንዱ።

«አባቴን» አለና ወደ ጣቢያው ገባ።

መንግሥቴ ረመዳንን ከክፍሉ እያወጡት ነበር። ሁለቱ ኮሪደሩ ላይ ተገናኙ። መንግሥቴ መሃላቸው ሊገቡ አሉ፤ ሩታ በዓይኗ አስቆመቻቸው።

«ለአባቴ ስለ ካርዱ ምን ነው ያልከው?» አለ ተስፋሁን።

ረመዳን ግራ ገባው። ሩታ አስረዳችው፤ ውሃውን፣ ጉንዳኑን፣ ክሩን። እየሰማ እጁ የሌለ እህል ይፈልግ ነበር።

«ባለፈው ክረምት ነው» አለ በመጨረሻ። «ሰው ሞልቶ ነበር፤ እየመዘንኩ ስለ መኪናዋ አወራለሁ፤ ካሳ ላልጠየቀ ይቀንሱለታል እያልኩ። ጋሽ መሐሪ 'የጤናውስ?' አሉኝ። እኔ ሚዛኑን እያየሁ… 'ያው ነው፣ መድን መድን ነው' አልኳቸው። ሳላስብ ነው። ቀልድ እንኳ አልነበረም።»

ተስፋሁን አንድ እርምጃ ቀረበው።

«ወላሂ፣ አላውቅም ነበር» አለ ረመዳን። «የራሴንም አላውቀውም ነበር፤ ዛሬ ነው የሰማሁት።»

ተስፋሁን ግድግዳውን አየ። ረመዳንን ለመጥላት ሁለት ቀን ሙሉ ያጠራቀመው ነገር የሚያርፍበት አጥቷል። «መኪናህ ነዳጅ አላት?» አለው።

«አላት።»

«እናቴን ይዘን እንሂድ። ነገሩን አንተ ራስህ ንገረው። እኔ ብነግረው አያምነኝም፤ አንተ ነጋዴ ነህ።»

እሑድ ጠዋት ሩታ ሆስፒታሉ ስትደርስ አይሱዙው ከበሩ ላይ ቆሟል፤ አንድ ዓይኑ ይብለጨለጫል። ሩታ የመጣችው ቃል ለመቀበል ነው፤ ማንም እንዳልመታቸው ከራሳቸው አፍ ሰምታ መዝገቡን ለመዝጋት። አቶ መሐሪ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ግንባራቸው ታሽጓል፤ ክንዳቸው ላይ ግሉኮስ የሚመስላት ውሃ ይንጠባጠባል። ምስጋናው ግሉኮስ አይደለም አላት፤ በዚህ ሰው ላይ ማን ስኳር ይጨምራል። ሩታ ገባኝ ብላ ወደ አልጋው ዞረች።

«አባባ፣ ማን መታዎት?» አለቻቸው።

«ማን ይመታኛል? ዓይኔ ጨለመብኝ፤ አህያውን ልይዝ ስል መሬቱ ቀደመኝ» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አህያውስ?»

«ቤት ነው።»

«ባቄላውስ?»

«ደኅና ነው።»

አቶ መሐሪ ሁሉንም በዓይናቸው ለካ ለካ አደረጓቸው፤ ሚስታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ከጥግ የቆመውን ረመዳንን። የሚፈሩትን ጥያቄ ወደ መጨረሻ አስቀርተውት ኖሯል። «ካርዱን አወጣችሁት?»

ተስፋሁን ረመዳንን አየው። ረመዳን ወደ አልጋው ቀረበና ጎንበስ አለ።

«ጋሽ መሐሪ፣ ያ የነገርኩዎ ለመኪና ነው። ለሰው እንዲህ ያለ ነገር የለም። ቢታከሙበትም ባይታከሙበትም የዓመቱ መዋጮ ያው ነው፤ የሚቀንስም የሚጠራቀምም የለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ለመኪና ብቻ?»

«ለመኪና ብቻ።»

አቶ መሐሪ ጣሪያውን አዩ። ንዴት ይመጣል ብላ ሩታ ጠበቀች፤ አልመጣም። ፊታቸው ላይ የነበረው፣ ረጅም መንገድ ሄዶ ገበያው ትላንት ነበር የተባለ ሰው ፊት ነው።

«አንተስ?» አሉት ረመዳንን። «ያንተን ቀነሱልህ?»

«በሬን ገጨሁ።»

«እህ።» ትንሽ አሰቡ። «በሩ ደኅና ነው?»

ረመዳን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ምስጋናው እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ ካርዱን እየጠበቀ። ብርሃኔ ጥቅሉን ከብብታቸው አወጡ። ክሩን በጥፍራቸው ሞከሩት፤ እንቢ አለ። በጥርሳቸው ያዙት። ሩታ ቁልፏን አውጥታ በጫፉ ቋጠሮውን ልትበጥሰው ተጠጋች፤ ብዙ የሚጠብቃት ሥራ አለ።

«ቀስ» አሉ አቶ መሐሪ ከትራሳቸው ላይ። «ገና አዲስ ነው።»